አንድ ፎልደር ብቻ ለመውሰድ

ጉግል በነፃ የሚያሠራጫቸው ፎንቶች ጊትሃብ ላይ በአንድ ትልቅ ሪፖ (የፋይሎችና የለውጥ ታሪካቸው ማከማቻ) ውስጥ ተቀምጠዋል። ሪፖው ለማንም ክፍት ነው። ፎንቶቹ በፈቃዳቸው ዓይነት በጥቂት ዋና ዋና ፎልደሮች ተከፍለዋል፤ ከሁሉ የሚሰፋው ኦኤፍኤል የሚባለው ሲሆን በሥሩ ለእያንዳንዱ የፎንት ቤተሰብ አንድ ንዑስ ፎልደር አለ። የግዕዝ ፊደል የሚጽፉት አቢሲኒካ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክም ከላቲኑ፣ ከዐረብኛው፣ ከታሚሉና ከኮሪያው ጋር እዚያው ጎን ለጎን ተደርድረዋል። የኋላ ታሪኩን ትተን የዛሬውን ይዘት ብቻ በአንድ ዚፕ ብናወርደው እንኳ ከ1 ጊጋባይት ይበልጣል።

አዲስ አበባ ላይ በሞባይል ዳታ የሚሠራ ዲዛይነር የአንዱን ፊደል ቅርጽ ለማስተካከል ቢፈልግ፣ «እኔ የምፈልገው ሦስት ፎልደር ነው፤ ለታሚልና ለኮሪያው ለምን ፓኬጄን እጨርሳለሁ?» ማለቱ አይቀርም። መንገድ አለው። ነገር ግን በአንድ ትእዛዝ አያልቅም፤ አንድ የሚመስለው ጥያቄ ሦስት ጥያቄ ስለሆነ። በሥራ ፎልደሬ ውስጥ ተዘርግቶ የሚታየኝ ምን ይሁን? ኮምፒውተሬ ላይ ባለው የታሪክ ማከማቻ ውስጥ ምን ይቀመጥ? በኢንተርኔቱ መስመር ላይስ ምን ይለፍ? ሦስቱን ያልለየ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይመልስና ሦስቱንም የመለሰ ይመስለዋል። ፎልደሩን ከፍቶ ሦስት ፎልደር ብቻ ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ቀሪ ሂሳቡን ሲያይ ግን ጊጋባይቶቹ የሉም።

ሪፖው ከሚያዝበት ከጊት በፊት በነበሩት የእትም መቆጣጠሪያ መሣሪያዎች ይህ ጥያቄ ብዙም አያስቸግርም ነበር። የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን ሰብቨርዥንን እንውሰድ። በሰብቨርዥን ታሪኩ ሁሉ ያለው አንድ ሰርቨር ላይ ነው፤ ተጠቃሚው ዘንድ የሚገኘው የሚሠራበት ቅጂ ብቻ ነው። ነገሩ እንደ ቀበሌ መዝገብ ቤት ነው፦ ሹሙ የጠየቅከውን አንድ ዶሴ ያወጣልሃል፤ ሌላው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ይቆያል። እያንዳንዱ ፎልደር የራሱ አድራሻ ስላለው፣ የዚያን ፎልደር አድራሻ ሰጥቶ ቼክአውት ማድረግ (ማውጣት) በቂ ነው። ሌላ የሚታወቅ ምሥጢር የለውም።

ችግሩ የሚመጣው የሚፈለጉት ፎልደሮች ሁለት ሲሆኑና ተራርቀው ሲቀመጡ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ቼክአውት ያደረገ ሰው ሁለት የማይተዋወቁ የሥራ ቅጂዎች ይኖሩታል፤ አብሮ መለወጥ የነበረበት ነገርም በሁለት የተለያዩ ኮሚቶች (የተመዘገቡ ለውጦች) ይገባል፤ በመካከሉ ሌላ ሰው የተሰበረ ኮድ ያወርዳል። ሰብቨርዥን ይህን በ1.5 እትሙ፣ በጁን 2008፣ ፈታው። ከዚያ ወዲህ የላይኛውን ፎልደር ባዶውን ማውጣት፣ ቀጥሎም ወደ ታች እየወረዱ የሚፈለገውን ብቻ መሙላት ይቻላል። ለእያንዳንዱ ፎልደር ጥልቀት ይወሰንለታል፦ ባዶ፣ ወይም ፋይሎቹ ብቻ፣ ወይም ፋይሎቹና ባዶ ንዑስ ፎልደሮቹ፣ ወይም እስከ ታች ድረስ ያለው በሙሉ። ጥልቀቱ የሚታወስ በመሆኑ ነገ አፕዴት ሲደረግ ያልተፈለገው ተመልሶ አይዘንብም። ላዩ አንድ የሥራ ቅጂ ስለሆነም የተራራቁት ሁለት ፎልደሮች በአንድ ኮሚት ይሄዳሉ።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልመጣም። ታሪክ ለማየት፣ የድሮ እትም ለማነጻጸር፣ ኮሚት ለማድረግ ሰርቨሩ መገኘት አለበት። መስመር ከተቋረጠ ሥራውም ይቆማል። ሊነስ ቶርቫልድስ በኤፕሪል 2005 ጊትን ሲጀምር የያዘው ሐሳብ የዚህ ተቃራኒ ነበር። የሊኑክስ ከርነል አዘጋጆች ሲጠቀሙበት የነበረው ቢትኪፐር በነፃ የሚሰጥበት ፈቃድ ሲቋረጥ በምትኩ የሠራው ጊት፣ ለእያንዳንዱ ሰው የመዝገብ ቤቱን ሙሉ ግልባጭ ይሰጠዋል። ሁሉም ሰው ሁሉም ነገር አለው። «ግማሹን ስጠኝ» የሚል ጥያቄ በመጀመሪያው ንድፍ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ለምን እንዳልነበረውና በኋላ እንዴት ቦታ እንዳገኘ ለመረዳት ጊት በሆዱ ምን እንደሚይዝ ማየት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ትንሽ ብንቆይ ሌላው ሁሉ ይቀላል።

ጊት የፋይልን ይዘት ብሎብ ብሎ ያስቀምጣል። ከይዘቱ አስልቶ ሃሽ የሚባል አሻራ ያወጣለታል፤ በተለመደው አሠራር ይህ አሻራ 40 ቁምፊ ርዝመት አለው። ይዘቱ በአንዲት ነጥብ ቢለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ፎልደር ደግሞ ትሪ ይባላል። ትሪ ዝርዝር ነው፤ በውስጡ ያሉትን ፋይሎችና ንዑስ ፎልደሮች ስም ከየአሻራቸው ጋር ይይዛል፤ ከዚህ ዝርዝርም የራሱ አሻራ ይወጣል። ኮሚት የሚባለው ከሁሉ በላይ ያለውን ፎልደር አሻራ፣ የቀደመውን ኮሚት አሻራ፣ የጸሐፊውን ስም፣ ቀኑንና መልእክቱን የያዘ አጭር ጽሑፍ ነው።

አሁን በአቢሲኒካ ፎልደር ውስጥ ያለ አንድ ፋይል ተስተካከለ እንበል። የፋይሉ አሻራ ይለወጣል። ስለዚህ የአቢሲኒካ ትሪ ዝርዝር ተለወጠ፣ አሻራውም። እሱ ሲለወጥ የኦኤፍኤል ትሪ፣ የኦኤፍኤል ሲለወጥ የላይኛው ትሪ ይለወጣል፤ አዲሱ ኮሚት የሚጠቁመውም ወደዚህ አዲስ የላይኛው ትሪ ነው። ሌሎቹ ቤተሰቦች ግን አልተነኩም። የኖቶ ሳንስ ታሚል ፎልደር አሻራ ትናንት የነበረው ነው፤ በአዲሱ ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ይገለበጣል።

ከዚህ ሰንሰለት ሁለት ነገሮች ይወጣሉ፤ አንዱ በር ይዘጋል፣ አንዱ ይከፍታል። የሚዘጋው፣ በጊት «የአንድ ፎልደር ኮሚት» የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ማንኛውም ኮሚት የመላው ሪፖ ምስል ነው፤ ስለዚህ እንደ ሰብቨርዥን የንዑስ ፎልደር አድራሻ ሰጥቶ ያንን ብቻ ክሎን ማድረግ (ወደ ራስ ኮምፒውተር መገልበጥ) አይቻልም። የሚከፍተው ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፦ አዲስ ኮሚት ለመሥራት የጎረቤት ፎልደሮች ይዘት አያስፈልግም፤ አሻራቸው ብቻ ይበቃል። አቢሲኒካን ለሚያስተካክል ሰው ከታሚሉ ፎንት የሚያስፈልገው በኦኤፍኤል ዝርዝር ውስጥ ያለው አንድ መስመር ነው፤ ስምና አሻራ፣ በአሥሮች የሚቆጠር ባይት። ሜጋባይቶቹን ሳያይ ትክክለኛ የመላው ሪፖ ኮሚት ይሠራል። ከ2010 ጀምሮ ፎልደር ለመምረጥ በጊት ላይ የተጨመረው ነገር ሁሉ የቆመው በዚህች እውነታ ላይ ነው።

መጀመሪያ የተፈታው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ ማለትም በሥራ ፎልደሩ ውስጥ ምን ይታይ የሚለው። ጊት ኢንዴክስ የሚባል መዝገብ አለው፤ አሁን በያዝነው እትም ውስጥ ያሉት ፋይሎች አንድ በአንድ ከነአሻራቸው የተጻፉበት ነው። ስታተስ ብለን ስንጠይቅ ጊት ይህን መዝገብ ዲስክ ላይ ካለው ጋር ያስተያያል፤ በመዝገቡ ያለ ፋይል በዲስኩ ከሌለ «ተሰርዟል» ይላል። በፌብሩዋሪ 2010 በወጣው 1.7.0 እትም በየፋይሉ መስመር ላይ አንዲት ምልክት እንድትቀመጥ ተፈቀደ። ትርጉሟ «ይህን ፋይል ዲስክ ላይ አትፈልገው፤ እንዳልተነካ ቁጠረው» ነው። ምልክቷ ያለችባቸው ፋይሎች ከሥራ ፎልደሩ ይነሣሉ፣ ጊት ግን ተሰረዙ አይልም፤ ኮሚት ሲደረግም አሻራቸው ከመዝገቡ ተወስዶ እንደነበረው ይገባል። ስፓርስ ቼክአውት የሚባለው ይህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ይህን መጠቀም የፈለገ ሰው መከራ ያይ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንድ ቅንብር በእጅ ማብራት፣ በድብቁ የጊት ፎልደር ውስጥ ባለ ፋይል ላይ የሚፈለጉትን ፎልደሮች ሕግ መጻፍ፣ ከዚያም ለዕለት ተዕለት ሥራ ያልታሰበ ትእዛዝ መጥራት ነበረበት። ሕጉ የሚጻፍበት መንገድ ጊት ኢግኖር ከሚባለው ፋይል የተወረሰ ሲሆን ትርጉሙ ግን የተገለበጠ ነበር፦ በዚያኛው የተጻፈው ይተዋል፣ በዚህኛው የተጻፈው ይወሰዳል። በጃንዋሪ 2020 የወጣው 2.25 እትም ራሱን የቻለ «ጊት ስፓርስ-ቼክአውት» የሚባል ትእዛዝ ይዞ መጣ፤ ከእሱም ጋር ኮን የተባለውን አሠራር።

ኮን ሕጉን ያጠበዋል፤ ፍጥነትም የመጣው ከመጥበቡ ነው። በድሮው አሠራር እንደ «ስሙ በዚህ የሚጀምር፣ በዚያ የሚያልቅ» ያለ ማንኛውም ሕግ ይፈቀዳል። ስለዚህ ጊት እያንዳንዱን ፋይል ከእያንዳንዱ ሕግ ጋር ማጋጠም አለበት፤ ሚሊዮን ፋይል ባለበት ሪፖ መቶ ሕግ ሲጻፍ መቶ ሚሊዮን ግጥሚያ ማለት ነው። በኮን አሠራር የሚሰጠው የፎልደር ስም ብቻ ነው። አንድ ፎልደር ከምርጫው ውጭ መሆኑ ከታወቀ በውስጡ ያለውን ማየት ሳያስፈልግ በአንድ ጊዜ ይታለፋል። አንድ ነገር ግን አዲስ ተጠቃሚን ግራ ያጋባል፦ የአቢሲኒካን ፎልደር ብቻ መርጠን ሳለ በሪፖው የላይኛው እርከን ያሉት ፋይሎች፣ እንዲሁም በኦኤፍኤል ውስጥ በቀጥታ የተቀመጡ ፋይሎች ካሉ እነሱም ይመጣሉ። ይህ ስህተት አይደለም። ወደተመረጠው ፎልደር የሚወስዱ ፎልደሮች ሁሉ በቀጥታ የያዟቸውን ፋይሎች ይዘው ይመጣሉ፤ የማይመጡት የጎን ፎልደሮች ናቸው። ከጁን 2022፣ ከ2.37 እትም ወዲህ፣ ኮን ነባሪው አሠራር ሆኗል። የድሮው ዛሬም አለ፤ እኔ ግን አንድን ፋይል ነጥሎ ማውጣት ግድ ካልሆነ በስተቀር እሱን የምነካበት ምክንያት አይታየኝም።

እዚህ ድረስ የተመለሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ሪፖውን እንደተለመደው ክሎን አድርጎ፣ ከዚያ በኋላ ስፓርስ ቼክአውትን የጠራ ሰው ሁሉንም አውርዷል። ነጥብ ጊት በሚባለው ድብቅ ፎልደር ውስጥ የሁሉም ፎንት የዛሬም የትናንትም እትም ተጨምቆ ተቀምጧል። የፎንት ፋይል ደግሞ እንደ ጽሑፍ በደንብ አይጨመቅም፤ አንድ ቤተሰብ አምስት ጊዜ ታድሶ ከሆነ አምስቱም እትሞች በማከማቻው አሉ። ከዲስኩ ላይ ጥቂት ቦታ ተለቀቀ እንጂ ከፓኬጁ የተረፈ አንዲት ባይት የለችም። በየቦታው የሚሰጡ አጫጭር መመሪያዎች «አንድ ፎልደር ብቻ ለማውረድ ስፓርስ ቼክአውት ተጠቀም» ብለው የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው፤ ፈጣን ፋይበር ላለው አገር ጸሐፊ ልዩነቱ ላይታየው ይችላል።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጥያቄ የሚመልሰው ፓርሻል ክሎን ነው፤ ከ2018 ጀምሮ በወጡት የጊት እትሞች ውስጥ ደረጃ በደረጃ የገባ፣ የጉግልና የማይክሮሶፍት ፕሮግራመሮች የደከሙበት ሥራ። ክሎን ሲደረግ ማጣሪያ ይሰጣል። ዋናው ማጣሪያ «ብሎብ-ነን» ይባላል፦ ኮሚቶቹንና ትሪዎቹን ሁሉ ላክልኝ፣ የፋይል ይዘት ግን አትላክ። ጊት የጎደለውን ያውቃል፤ ሰርቨሩ በጠየቅኩት ጊዜ ሊሰጠኝ ቃል ገብቷል ብሎ ይመዘግባል፤ ፋይሉ በእርግጥ ሲፈለግ ሄዶ ያመጣዋል። ቀደም ብለን ያየነው እውነታ እዚህም ይሠራል፦ አሻራዎቹ ትሪዎቹ ውስጥ ስላሉ ታሪኩ ሙሉ ነው፤ የጎደለው ሥጋው ነው።

ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ወጥመድ አለ። ማጣሪያውን ብቻ ሰጥቶ ክሎን ያደረገ ሰው፣ ክሎኑ ሲያልቅ ጊት የዛሬውን እትም በሥራ ፎልደሩ ውስጥ ሊዘረጋ ይነሣል፤ ለመዘርጋት ይዘቱ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ የዛሬዎቹን ብሎቦች በሙሉ ያወርዳል። የተረፈው የድሮ እትሞች ብቻ ነው። ትክክለኛው መንገድ ክሎን ሲደረግ ሁለቱን አማራጮች አብሮ መስጠት ነው፦ ማጣሪያውን «ብሎብ-ነን» ማለትና «ስፓርስ» የሚለውን አማራጭ መጨመር። ይህን ያደረገ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው በላይኛው እርከን ያሉትን ጥቂት ፋይሎች ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ፎልደሩ ገብቶ «ጊት ስፓርስ-ቼክአውት ሴት» ብሎ የሦስቱን የግዕዝ ፎንቶች ፎልደሮች ሙሉ መንገድ ይጽፋል። ጊት የእነዚያን ብሎቦች ብቻ ያወርድና ይዘረጋቸዋል። አራተኛ ፎልደር ሲያስፈልግ «አድ»፣ ሁሉንም መመለስ ሲያስፈልግ «ዲሴብል» ይባላል፤ በዚህ በመጨረሻው ትእዛዝ ግን የቀረው ጊጋባይት ሁሉ እንደሚዘንብ እያወቁ ነው።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ማጣሪያው የሚሠራው ሰርቨሩ ከፈቀደ ነው። ጊትሃብና ጊትላብ ይፈቅዳሉ። የመሥሪያ ቤት አይቲ ክፍል ራሱ ያቆመው ሰርቨር ግን ቅንብሩ ካልበራለት ጥያቄውን አያውቀውም፤ ጊትም አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ጽፎ ሙሉውን ማውረድ ይቀጥላል። በትእዛዝ መስኮቱ ላይ የሚያልፈውን ጽሑፍ የማያነብ ሰው ማጣሪያ ሰጥቻለሁ ብሎ ተማምኖ ሁሉንም ይቀበላል።

ሻሎው ክሎን የሚባለውን ብዙ ሰው ከዚህ ጋር ያምታታዋል። እሱ የሚቆርጠው ፎልደርን ሳይሆን ጊዜን ነው፤ የመጨረሻውን ኮሚት ሰጥቶ ከኋላ ያለውን ይተዋል። ሁሉም ፎልደር ይመጣል። ይህን መስመር ማን መቼ ጻፈው ብለን ብንጠይቅ ሁሉንም መስመር ለአንድ ኮሚት ያሸክመዋል። ፕሮግራሙን አንድ ጊዜ ገንብቶ ኮፒውን ለሚጥል አውቶማቲክ ሰርቨር ተስማሚ ነው፤ ለሚሠራበት ሰው አይመከርም። ከብሎብ በተጨማሪ ትሪዎቹንም የሚያስቀር ጠንካራ ማጣሪያም አለ፤ እሱም ለዚሁ ዓይነት ሥራ ነው። በእሱ ላይ የአንድን ፎልደር ታሪክ ለማየት የሞከረ ሰው፣ ጊት ለእያንዳንዱ ኮሚት ትሪ ፍለጋ ወደ ሰርቨር ሲመላለስ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አለበት።

ይህ ሁሉ ሥራ የተሠራው ለአዲስ አበባ የሞባይል ዳታ ታስቦ አይደለም። የገፋፋው የትልልቅ ኩባንያዎች ሪፖ መጠን ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስን ምንጭ ኮድ በ2017 ወደ ጊት ሲያዛውር ሪፖው 3.5 ሚሊዮን ገደማ ፋይል ነበረው፤ መጠኑ 300 ጊጋባይት አካባቢ፣ የሚሠሩበት ኢንጂነሮች 4,000 ገደማ። በተራው ጊት ክሎን ማድረግ ከ12 ሰዓት በላይ፣ ስታተስ መጠየቅ 10 ደቂቃ ይወስድ ነበር። ኩባንያው የመረጠው መፍትሔ ድፍረት የተሞላበት ነበር፦ ፋይሎቹ ሁሉ በዲስኩ ላይ ያሉ መስለው ይታያሉ፣ በእርግጥ የሚወርዱት ግን ፕሮግራም ሲከፍታቸው ነው። ስሙ መጀመሪያ ጂቪኤፍኤስ ነበር፣ በኋላ ቪኤፍኤስ ፎር ጊት ተባለ። ክሎን ወደ ደቂቃዎች፣ ስታተስ ወደ ጥቂት ሰከንዶች ወረደ።

ነገር ግን እንዲህ ያለው ማስመሰል ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሆድ ጋር መጣበቅን ይጠይቃል። የማይክሮሶፍት ኦፊስ ሠራተኞች ማክም ላይ ይሠራሉ፤ ማይክሮሶፍት ለማክ የሚሆነውን እያዘጋጀ ሳለ አፕል ሥራው የተደገፈበትን የከርነል መንገድ ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ። ያኔ ቡድኑ አቅጣጫ ለወጠ። ማስመሰሉን ትቶ፣ ተጠቃሚው የሚፈልጋቸውን ፎልደሮች ራሱ በግልጽ እንዲናገር አደረገ። ስካላር የተባለው መሣሪያና ከላይ ያየነው ኮን አሠራር የመጡት ከዚህ ነው፤ የሁለቱም ዋና ሠሪ ዴሪክ ስቶሊ የዚያው ቡድን ሰው ነበር። ስካላር በኦክቶበር 2022 በ2.38 እትም ከጊት ጋር አብሮ መሰጠት ጀመረ። በእኔ ግምት ከአፕል የመጣው ይህ እንቅፋት ለሌላው ዓለም በጎ ሆኖለታል። ማስመሰሉ ቢቀጥል ኖሮ የሚጠቀመው ያን ሁሉ ማሽነሪ ማቆም የሚችል ኩባንያ ብቻ ነበር፤ ስፓርስ ቼክአውት ግን በማንኛውም ላፕቶፕ ላይ በተጫነ ተራ ጊት ይሠራል።

ኦፊስን በሚያህል ሪፖ ላይ አንድ ችግር ቀርቶ ነበር። የሥራ ፎልደሩ ጥቂት ፋይል ብቻ ቢይዝም ኢንዴክሱ አሁንም የሁሉንም ፋይል ስም ይዟል፤ ሚሊዮን መስመር ያለው መዝገብ ደግሞ በየትእዛዙ ይነበባል፣ ይጻፋል። ከጁን 2021 ጀምሮ በተከታታይ እትሞች የገባው ስፓርስ ኢንዴክስ ከምርጫው ውጭ ያለን ፎልደር በሙሉ በአንድ መስመር ያጥፈዋል፦ የፎልደሩ ስምና አሻራው። ኮሚት ለመሥራት አሻራው ከበቃ፣ መዝገቡስ ለምን ከዚያ በላይ ይያዝ? ፎልደሩ ተከፍቶ መታየት ካለበት ያኔ ይዘረጋል።

በዕለት ሥራ ላይ የሚያጋጥሙት እክሎች ብዙ አይደሉም፤ አስቀድሞ ያላወቃቸውን ሰው ግን ያደናግራሉ። ከምርጫው ውጭ ባለ ፎልደር ውስጥ አዲስ ፋይል ፈጥሮ ሊጨምር የሞከረ ሰው ጊት እምቢ ይለዋል፤ ምክንያቱንም ይነግረዋል። መርጅ ሲደረግ (የተለያዩ ለውጦች ሲዋሐዱ) ከምርጫው ውጭ ባለ ፋይል ላይ ግጭት ከተፈጠረ ያ ፋይል ሳይጠራ በሥራ ፎልደሩ ውስጥ ብቅ ይላል፤ ሰው ሊፈታው ስለሚገባ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ጊት የማያየው ነው። በኤዲተር ውስጥ የአንድን ፈንክሽን ስም በመላው ፕሮጀክት ለውጥ ብለን ስናዝ ኤዲተሩ የሚለውጠው በዲስኩ ላይ ያገኘውን ነው፤ በሌሉት ፎልደሮች ውስጥ የድሮው ስም ይቀራል፤ ኮሚቱ ያልፋል፣ ግንባታው ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ይሰበራል። ስለዚህ ፎልደር መርጦ መሥራት የሚያዋጣው ፎልደሮቹ እርስ በርስ ያላቸው ጥገኝነት በውል ሲታወቅ ነው። የፎንቶቹ ሪፖ ለዚህ የተመቸ ነው፤ አቢሲኒካ ከታሚሉ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ሁሉም ከሁሉም ጋር በተቆላለፈበት የመተግበሪያ ኮድ ላይ ግን የትኛው ፎልደር የትኛውን እንደሚጠራ የሚናገር ዝርዝር በመጀመሪያ መዘጋጀት አለበት። እሱ በሌለበት ስፓርስ ቼክአውት ላይ መነሣት ችግርን መጋበዝ ነው።

አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ይህን አሠራር ለምሥጢር ጥበቃ ሊያውሉት ያስባሉ፦ ለጊዜው የተቀጠረው ፕሮግራመር የክፍያውን ፎልደር እንዳያይ እሱ የሌለበትን ምርጫ እንስጠው። ይህ አይሆንም። ምርጫው ያለው በተጠቃሚው እጅ ነው፤ «ዲሴብል» ብሎ ሊያነሣው ይችላል። ፓርሻል ክሎንም ቢሆን ያልወረደውን በጠየቀ ጊዜ ሰርቨሩ ይሰጠዋል፤ ቃሉ ይኸው ነው። ጊት ውስጥ የማንበብ ፈቃድ ለሪፖው በሙሉ ነው ወይም የለም። ሰብቨርዥን ታሪኩን ሰርቨር ላይ ስለሚይዝ ለእያንዳንዱ ፎልደር የተለየ ፈቃድ ማስቀመጥ ይችላል፤ አንዳንድ ድርጅቶች እስካሁን ያልለቀቁትም በዚህ ምክንያት ነው። ጊትን የመረጠ ድርጅት የሚሰወረውን ነገር በራሱ ሪፖ ለይቶ ማስቀመጥ፣ አስፈላጊ ከሆነም በሰብሞጁል (አንዱን ሪፖ በሌላው ውስጥ በሚያስገባው መንገድ) ማያያዝ አለበት።

ፎንቶቹን ማስተካከል ሳይሆን መጠቀም ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ ከጉግል ፎንትስ ድረ ገጽ የፈለገውን ቤተሰብ ለብቻው ያወርዳል። ቀደም ሲል የጊትሃብን ሪፖ በሰብቨርዥን መሣሪያ ጠይቆ አንድ ፎልደር ብቻ ማውጣት የሚቻልበት ጥሩ አቋራጭ ነበር፤ ጊትሃብ በጃንዋሪ 8 ቀን 2024 ዘግቶታል፤ አሁንም በድሮ መመሪያዎች ውስጥ ስለሚገኝ ሞክሮ ያልሠራለት ሰው ጥፋቱ የራሱ እንዳልሆነ ይወቅ።

በእኛ አገር ሁኔታ ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ፓርሻል ክሎን የመስመር ጥገኝነትን በጓሮ በር መልሶ ማስገባቱ ነው። በከተማ ሳለ ክሎን ያደረገ ሰው ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ሆኖ የድሮውን የአቢሲኒካ እትም ከአሁኑ ጋር ላነጻጽር ቢል፣ ኮሚቱ አለ፣ ትሪው አለ፣ ይዘቱ ግን አልወረደም፤ ጊት ሰርቨሩን ይጠራል፣ አያገኘውም፣ በስህተት መልእክት ያቆማል። መስመር እያለም ቢሆን የእያንዳንዱን መስመር ጸሐፊ ስንጠይቅ ጊት ብሎቦቹን አንድ በአንድ እየሄደ ያመጣል፤ በዘገምተኛ ግንኙነት ላይ ይህ አንዱን ትልቅ ማውረድ ከመጠበቅ ይልቅ ያሰለቻል። በማርች 2025 የወጣው 2.49 እትም «ጊት ባክፊል» የሚባል ትእዛዝ ጨምሯል። የጎደሉትን የድሮ ብሎቦች በጅምላ ሰብስቦ ያወርዳል፤ «ስፓርስ» የሚለው አማራጭ ሲሰጠው ደግሞ የሚያመጣው በምርጫው ውስጥ ያሉትን ፎልደሮች ታሪክ ብቻ ነው። የሦስቱ የግዕዝ ፎንቶች የኋላ እትሞች በሙሉ፣ የሌላው አንድም ሳይጨመር፣ ከመንገድ በፊት ዋይፋይ ባለበት ቦታ ላፕቶፑ ውስጥ ይገባሉ።